የሎሬታ ሣር

ከቨርላ ማእድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከጠጠሩ መንገድ ማዶ፣ ወደ ላይ እየተነሣ የሚሄድ አሸዋማ ተዳፋት አለ። የባሏ የኖርበርት ታናሽ ወንድም የሊአንደር መሬት ነው። ከአጥር እስከ አጥር ሣር ብቻ ነው፤ አይታረስም፣ አይዘራም፣ ከብት አይሰማራበትም። ያም ሆኖ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ መንግሥት ስለዚያ ሣር ለሊአንደርና ለሚስቱ ለሎሬታ ገንዘብ ይከፍላቸዋል። ቨርላ ይህን ሳታስብ የምትውልበት ቀን አልነበረም። ዝናብ ሲጠፋ ታስበዋለች፤ በረዶ ስንዴያቸውን ሲቀጠቅጥ ታስበዋለች፤ ቤተ ክርስቲያን ሎሬታ ከፊቷ ያለው አግዳሚ ላይ ስትቀመጥም፣ አዲስ የመሰላትን ካፖርት ከኋላ እያየች ታስበዋለች።

እንዲህ ይሆናል ብሎ ማንም አልገመተም ነበር። ሽማግሌው አባት ሞተው ወንድማማቾቹ መሬቱን ሲካፈሉ፣ ኖርበርት ታላቅ ስለሆነ የታችኛው ጥቁር አፈር ደረሰው፤ ለሊአንደር የላይኛው አሸዋ ቀረለት። ያን ጊዜ በዚያ የካንሳስ ወረዳ ለሊአንደር ያላዘነ ሰው አልነበረም። ቨርላም አዝናለች፤ የፖም ኬክ ጋግራ ወስዳ፣ ሎሬታን አቅፋ "አይዞሽ" ብላታለች። እውነቱን ለመናገር ያ ማዘን ደስ የሚል ማዘን ነበር። ኋላ መንግሥት ነፋስ የሚያነሣውን መሬት ሣር አልብሰው ለሚያሳርፉ ገበሬዎች በየዓመቱ እከፍላለሁ አለ፤ ሊአንደርም ፈረመ። የአሸዋው ባለቤት እግሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ የጥቁሩ አፈር ባለቤት ናፍጣና ማዳበሪያ እየገዛ ሰማይ ሰማይ ማየት ያዘ።

ኖርበርትን ነገሩ አይከነክነውም። እነሱም ከመንግሥት እንደሚቀበሉ ያስታውሳታል፤ ስንዴው በድርቅ ሲቃጠል የሚካሱትን፣ ዋጋ ሲወድቅ የሚጨመርላቸውን። ቨርላ ግን ያንን ከዚህ ጋር አንድ አታደርገውም።

"የእኛ የላባችን ነው" ትለዋለች። "የእነሱ የመተኛታቸው።"

ቅናቷን ሥር ያሰደደው ግን ገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ልጇ ነው። ትሬቨር አንድ ለእናቱ ነው። የኖርበርት መሬት ሁለት ቤት ማስተዳደር ስለማይችል፣ ልጁ ትምህርቱን እንደጨረሰ ዊቺታ ከተማ የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ገባ። ሲሄድ፣ ትንሽ ተጨማሪ መሬት ቢገኝ እመለሳለሁ ብሏት ነበር። ቨርላ ያቺን ቃል እንደ ቀጠሮ ያዘቻት። በአውራ ጎዳናው ላይ መኪና ተገለበጠ በተባለ ቁጥር የእሱ መኪና ይመስላታል፤ ስልኩን ቶሎ ካላነሣ ማሽን እጁን እንደወሰደው እርግጠኛ ትሆናለች። ከመንገዱ ማዶ ትራክተር ላይ ተቀምጦ በመስኮት ብታየው ኖሮ፣ እሷም እንደ ሰው ትተኛ ነበር።

አንድ ክረምት ቤቷ ድረስ ሄዳ ሎሬታን ለምናታለች፤ ተዳፋቱን ለትሬቨር አከራዩት ብላ። ሎሬታ አልተቆጣችም። መንግሥት የሚከፍለውን ያህል የሚከፍል ተከራይ እንደማይገኝ፣ ደግሞም ያ አሸዋ አንዴ ከታረሰ ነፋስ ይዞት እንደሚሄድ ቀስ ብላ አስረዳቻት። ሁለቱም እውነት ነበር። ዋሽታት ቢሆን ቨርላ ይቀላት ነበር። ልጅ እንኳ የላቸውም፣ ለማን ነው እንዲህ የሚጠብቁት እያለች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ባለፈው የጸደይ ወራት ደግሞ ነገሩ ባሰ። ማርሴላ የምትባል ጎረቤት አለች፤ ወሬ ከእሷ ቤት ሳያድር አያልፍም። እሷም መሬቷን ሣር አልብሳ ከመንግሥት የምትቀበል ናት። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ለሎሬታ የሚከፈለው ከእሷ እንደሚበልጥ፣ ያውም በብዙ እንደሚበልጥ ለቨርላ ሹክ አለቻት። ምክንያቱን ግን አታውቅም። ቨርላ ያን ሳምንት ምግብ አልወረደላትም። በመጨረሻ ለኖርበርት የዶሮ መኖ ልገዛ ነው ብላው ወጣችና መኪናዋን የወረዳው እርሻ ቢሮ በር ላይ አቆመች።

ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ለከተማው እንግዳ የሆነች ልጅ ናት፤ የሚያናግራት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት ሁሉንም ዘረገፈችላት። ሁለት ዓይነት ውል አለ አለቻት። አንዱ ተራው የሣር ውል ነው። ሌላው ግን ከሣሩ ጋር ለንብና ለወፍ የሚሆን አበባ የተዘራበት ነው፤ የአበባ ውል ይሉታል። እሱ የተሻለ ይከፈልበታል፣ ነገር ግን አይነካም። ድርቅ ሆኖ ለሌሎቹ እጨዱ ተብሎ ሲፈቀድ እንኳ እሱ አይፈቀድለትም። ማጭድ ያስገባበት ሰው፣ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የተቀበለውን ሁሉ ከነቅጣቱ ይመልሳል። ቨርላ፣ የእነሊአንደርስ የትኛው ነው ብላ ጠየቀች፤ ልጅቷም የአበባው መሆኑን ነገረቻት። ታዲያ ማን ነው የሚቆጣጠረው ብላ ደግሞ ጠየቀች።

"አንዳንዴ ከአውሮፕላን ፎቶ ይነሣል" አለች ልጅቷ። "አንዳንዴ ደግሞ ጎረቤት ይነግረናል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቨርላ ጎረቤት ሆነች። የሎሬታ ላሞች ወደ አጥሩ በተጠጉ ቁጥር እጇን በፎጣ እየጠረገች በረንዳ ላይ ትቆማለች። አንዲት ጥጃ ሾልካ ብትገባ፣ አንድ ጥግ ታጭዶ ብታየው፣ ስልኩ ቅርብ ነው። ግን ምንም አላገኘችም። ሎሬታ ጠንቃቃ ሴት ናት። በሰኔ አበባው ሲፈነዳ ተዳፋቱ ቢጫና ሐምራዊ ለብሶ ሲወዛወዝ፣ መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ፎቶ ያነሣል። የቨርላን ስንዴ ፎቶ ያነሣ ሰው የለም።

ስንዴው ለአጨዳ በደረሰበት ሰሞን የሊአንደር ልብ ታመመ። ጎተራው አጠገብ ወድቆ ሎሬታ አገኘችው፤ አምቡላንስ መጥቶ ወደ ዊቺታ ወሰዳቸው። ቤታቸው አጠገብ ባለው ደልዳላ ቦታ ለራሳቸው የዘሩት ጥቂት ስንዴ እንደደረሰ ቆሞ ነበር። በዚያ አገር ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ከታመመ ጥሪ የሚጠብቅ የለም። ጠሉ እንደደረቀ ኮምባይነሮቹ ከየአቅጣጫው አቧራ እያስነሡ መጡ፤ የእህል መኪናዎቹ ተከተሉ፤ ሴቶቹ ሥጋና ጎመን የታጨቀበት ዳቦ፣ የድንች ሰላጣና በረዶ የተጨመረበት ሻይ ይዘው ደረሱ። ቤተ ዘመድ ስለሆነች ማእዱ የተሰናዳው በቨርላ ግቢ ነው።

የመጣው ሰው ብዛት ራሱ ቅር አሰኛት። ኖርበርት እግሩ የተሰበረው ጥር ላይ ነበር፤ የሚታጨድ ነገር ስላልነበረ ሰው ኬክ ብቻ አመጣ። ለሊአንደር ግን እነሆ ግማሽ ወረዳ መጥቷል። ሰው መታመም እንኳ የሚያውቅበት አለ እያለች ሳህኖቹን ደረደረች።

ስንዴው ከምሳ በፊት አለቀ። ያን ያህል ማሽንና ያን ያህል ጉልበት ተሰብስቦ ሥራ ሲያልቅበት ሰው ይቁነጠነጣል። ዱዌን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ወደ ተዳፋቱ አየ። ዱዌን ከኖርበርትና ከሊአንደር ጋር አብሮ ያደገ ነው፤ ደግ ነው፣ ነገር ግን ደግነቱ ይቸኩላል። ለድርቁ ሲባል በወረዳቸው ያረፈው ሣር እንዲታጨድ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መፈቀዱን ጠዋት በሬድዮ ሰምቷል። የሊአንደር ላሞች ለክረምት ድርቆሽ የላቸውም። የሣር ማጨጃው ደግሞ መንገድ ዳር ቆሟል። እንጨደውና ከደረቀ በኋላ አስረን በአጥሩ ጥግ እንደርድርላት አለ፤ ለሎሬታም ማንም አይንገራት፣ ስትመጣ ራሷ ታግኘው። ሐሳቡ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ኖርበርትም አፉን እየጠረገ ጥሩ ብለሃል አለው።

ቨርላ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያንን ሣር መንካት ምን እንደሚያስከትል የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። መዋሸት አይጠበቅባትም፤ ማድረግ ያለባት ነገር የለም። ሻይ መቅዳት ብቻ ነው። እየቀዳችም ሁሉን አየችው። እነሎሬታ የበሉትን ለመመለስ አቅም አይኖራቸውም። ከብቱ ይሸጣል፣ ከዚያ ተዳፋቱ ለተከራይ ይወጣል፤ ትሬቨርም ጓዙን መኪናው ላይ ጭኖ ይመጣል። የመኪናው ቀለም ሳይቀር ታያት። ብትናገርስ? ታዲያ አንቺ በምን አወቅሽ ይሏታል። ማርሴላ ደግሞ ከሰላጣው ጎን ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች።

የማርሴላን ብርጭቆ ሞላችላት፤ ምንም አልተናገረችም።

ዱዌን ማጨጃውን አስነሥቶ ተዳፋቱን ወጣ። ድምፁ ግቢው ድረስ ይሰማል። ቨርላ ኩባያዎቹን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባችና ውሃውን ከፈተች፤ ግን ድምፁን አልሸፈነላትም። ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ። ሎሬታ ነበረች።

ቀዶ ሕክምናው ተጠናቋል፤ ሊአንደር በሕይወት አለ። ሎሬታ ስታወራ ድምፏ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ የሚሳሳ ዓይነት ነበር። ሐኪሞቹ ይድናል ብለዋታል፤ ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ትራክተር ላይ መውጣት፣ ከብት መጎተት፣ ከባድ ማንሣት የሚባል ነገር የለም። ሰዎቹ ደህና በልተው እንደሆን ጠየቀች። ለዱዌን፣ የእህል መኪናችን ፍሬን ላላ ስላለ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ እንዲወርድ ንገሪልኝ አለቻት። ከዚያም፣

"ሣሩ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር ቨርላ?" አለች። "አሁንማ የሚያበላን እሱ ብቻ ነው።"

ቨርላ "አዎ" አለች። እግዚአብሔር ይማረው ብላ ስልኩን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ የመጣባት ርኅራኄ ነበር ብሎ መናገር ይከብዳል። መጀመሪያ የታየቻት ያቺ የቢሮ ልጅ ናት። ነገሩ ሲፈተሽ ልጅቷ፣ የሊአንደር ወንድም ሚስት መጥተው ጠይቀውኛል፣ እሳቸው ያውቁ ነበር ትላለች። ከዚያ ደግሞ ሊአንደር ሆስፒታል ተኝቶ ይህን ሲሰማ ታያት፤ ልቡ ቀጥ ሲል፣ የሬሳ ሣጥኑ በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ሲያልፍ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እሷን ሲያይ። ፎጣውን ጥላ ወደ መኪናዋ ሮጠች።

መኪናዋን ሣሩ ውስጥ አላስገባችም፤ የጋለው የጭስ ማውጫ ደረቁን ሣር ነክቶ ወረዳውን ሲያነደው ታይቷታል። መንገድ ዳር አቁማ በአጥሩ ሽቦ መካከል ሾለከች። ሣሩ እስከ ወገቧ ይደርሳል። እባብ እንዳይነክሳት መሬቱን በእግሯ እየመታች፣ ቀሚሷን እየሰበሰበች፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ወጣች። ዱዌን አንዱን ሰልፍ ጨርሶ ሁለተኛውን ይዟል፤ የታጨደው ከነአበባው ተጋድሟል፣ ወፎች ከላይ ይዞራሉ። ቨርላ ከማጨጃው ፊት ሄዳ ሁለት እጇን አነሣች።

ዱዌን ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ቆቡን አወለቀ።

"ሊአንደር ነው?" አለ።

"ሊአንደር ደህና ነው። ይህ ሣር አይታጨድም።"

"ኧረ ቨርላ፣ በሰው ልብ አትጫወቺ። ተፈቅዷል እኮ፣ በሬድዮ ሰምቻለሁ።"

"የተፈቀደው የሌላው ነው። ይህ የአበባ ውል ነው፣ በድርቅም አይነካም። ከነካችሁት የበሉትን ሁሉ ያስመልሷቸዋል።"

ዱዌን ወደ ኋላ ዞሮ ያጨደውን አየ። ፊቱ ላብና ገለባ ነበር፤ በዚያ መካከል ቀለሙ ሲለወጥ ታያት።

"ሎሬታ ናት የነገረችሽ?" አለ።

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ነገር ግን ዱዌን ነገ ሎሬታን ይጠይቃታል፤ ሎሬታም አልነገርኳትም ትላለች።

"ቢሮው ነው የነገረኝ።"

"የእነሱን ውል ለአንቺ? ቢሮ ምን ልትሠሪ ሄደሽ?"

"ጠየቅኳቸው።"

ዱዌን ቆቡን መልሶ አጠለቀ።

"እንዲህ የምትከታተለኝ ጎረቤት ብትኖረኝ" አለ፣ "እኔም ግብሬን በጊዜው እከፍል ነበር።"

ወሬው የምሳው ሳህን ሳይደርቅ ተዳረሰ። ኖርበርት ማታ የዶሮ መኖውን ነገር አንሥቶ፣ ለካ ዶሮዎቹ ያን ቀን ጾማቸውን ነው ያደሩት አላት፤ ከዚያ በላይ አልተናገራትም። ማርሴላ ግን አልማረቻትም። በሚቀጥለው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክንዷን ይዛ፣

"ቨርላዬ፣ የእኔንስ ውል አይተሽልኛል?" አለቻት። "መነጽሬ ጠፍቶብኝ አላነበብኩትም።"

ሴቶቹ አፋቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ቨርላ የመኪናዋን በር እስክትከፍት ጀርባዋ ተቃጠለ። ያስቀየማት ግን ሣቁ ብቻ አልነበረም። እሷ ባትሮጥ ኖሮ ሎሬታ ዛሬ ለማኝ ነበረች፤ ሰው የሚያወራው ግን ስለ መሮጧ አይደለም። ለሎሬታ ደግሞ ሾርባ በሾርባ ይጎርፍላታል፣ አበባ ይላክላታል፣ ስሟ ከመቅደሱ ይጸለይላታል። በዚህም ቀናች።

ሎሬታ ተመልሳ ከዱዌን አፍ ጉዳዩን ስትሰማ ማንንም አልወቀሰችም። በማግስቱ ጠዋት ራሷ ቢሮው ሄዳ ሣሬ ተነክቷል ብላ ተናገረች። ማንም ሳያያት ዝም ብትል ትችል ነበር፤ የታጨደው በጥቂት ሳምንት ያቆጠቁጣል። እሷ ግን እንዲህ ናት። ጉዳዩ ለወረዳው ኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ከራሳቸው ከገበሬዎቹ መካከል ድምፅ ተሰጥቷቸው የተመረጡ ሰዎች ናቸው፤ የጎረቤታቸውን ጥፋት ጎረቤቶቹ ይመዝኑታል። ማታ ላይ ሎሬታ መንገዱን ተሻግራ መጣችና በሩ ላይ እንደቆመች፣ ኮሚቴው ነገሩ በስሕተት መሆኑንና ማን እንዳስቆመው መስማት እንደሚፈልግ ነገረቻት።

"አንቺ ብትመጪ ይጠቅመኛል" አለች። ቨርላ እምቢ የምትልበት መንገድ አጣች።

የኮሚቴው ክፍል ከቢሮው ጀርባ ነው፤ ጠባብ ነው፣ ማቀዝቀዣው ይንጫጫል። ያቺ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታያለች። ሰብሳቢው ጊልበርት የሚባሉ የከብት አርቢ ናቸው፤ የቨርላን ሠርግ የበሉ፣ ትሬቨርን ክርስትና ሲነሣ ያዩ ሰው ናቸው። ዱዌን የሠራውን ሳይሸሽግ ተናገረ። ከዚያ ጊልበርት ወደ ቨርላ ዞሩ።

"እንግዲህ አንቺ የውሉን ዓይነት ታውቂ ነበር" አሉ። "ባለቤቶቹ ሳይነግሩሽ በምን አወቅሽ?"

ቨርላ በመኪና ስትመጣ ለዚህ መልስ አሰናድታ ነበር። እኛም መሬት ልናሳርፍ አስበን ነው ልትል ነበር። ኮሚቴው የኖርበርትን ጥቁር አፈር ያውቃል፤ እሱን የሚያሳርፍ እብድ ነው። ደግሞ ውሸት ከተያዘባት ሎሬታም በእሷ ምክንያት ሳትታመን ትቀራለች።

"ያጠፉት ነገር ካለ ላገኝ ነው የመጣሁት" አለች። "ውላቸው ከፈረሰ መሬቱን ልጄ ይከራየዋል ብዬ።"

ማንም አልሣቀም። ሎሬታ ጎኗ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራለች።

"ታዲያ ሲታጨድልሽ ለምን አስቆምሽው?" አሉ ጊልበርት።

ቨርላ ያማረ መልስ ፈለገች፤ ሎሬታ በስልክ ያለቻትን መናገር ፈለገች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"እሷ" አለች ወደ ልጅቷ እያመለከተች፣ "መጥተው ጠይቀውኝ ነበር ትላለች ብዬ ፈራሁ።"

መጀመሪያ የሣቀችው ሎሬታ ናት። እንዲያ ስትሥቅ ማንም አይቷት አያውቅም፤ እንባዋ እስኪመጣ፣ ጠረጴዛውን እስክትይዝ ሣቀች። ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ሣቀ፤ ልጅቷም ቀና አለች። ኮሚቴው ብዙ አልቆየም። በቅንነት የተደረገ ስሕተት ነው ብለው ወሰኑ፤ የታጨደው ቦታ የዘንድሮ ክፍያ ብቻ ይቀነስ፣ አበባው እንደገና ይዘራ፤ ዘሩን ዱዌን እከፍላለሁ አለ። ውሉ ጸና።

የሄዱት በሎሬታ ፒክአፕ ስለነበር በእሱ ተመለሱ። ሎሬታ ቀስ ብላ ነው የምትነዳው። የኅብረት ሥራውን ጎተራ አልፈው፣ የደረቀውን ወንዝ ድልድይ ተሻግረው፣ ወደ ቤታቸው ቀረቡ። ቨርላ ስድብ ጠብቃለች። ስድቡ ቢመጣ መልስ ነበራት።

"ውሉ ሲያልቅ እንደገና እፈርማለሁ" አለች ሎሬታ መንገዱን እያየች። "እንዳትጠብቂ ብዬ ነው የምነግርሽ።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺም ብትሆኚ ትፈርሚ ነበር።"

ቨርላ ይህንንም ታውቃለች። ሎሬታ በቨርላ በር አቆመችና ሞተሩን ሳታጠፋ መሪውን እንደያዘች ቆየች።

"ትሬቨርን ለምን አትጠይቂውም?" አለች።

"ምኑን?"

"ጠይቂው ብቻ።"

ቨርላ ከእራት በፊት ደወለችለት። ኖርበርት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርጣል። ትሬቨር ስልኩን ወዲያው አነሣ፤ እጁም ደህና ነበር፣ መኪናውም። ስለ ኮሚቴው ነገረችው፤ መሬቱ እንደማይገኝ፣ ውሉ ቢያልቅም እንደማይገኝ፣ ሌላ ቦታ ግን እንደምትፈልግለት። ልጁ ሳያቋርጣት ሰማት። ከዚያ፣

"እማዬ" አለ፣ "እኔ እኮ አልመለስም። ሥራዬን እወደዋለሁ። መሬት ቢገኝም አልመለስም።"

ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀችው፤ ቆይቷል አላት። ልነግርሽ እፈልግና ስለ መሬቱ ስታወሪ ሆዴ ይባባል አላት። እዚህ ላይ የሎሬታ አነጋገር በጆሮዋ ሽው አለ።

"ለማን ነግረሃል?"

"ለአክስቴ ሎሬታ። በፋሲካ ስመጣ። ለአንቺ እንዴት ብዬ መንገር እንዳለብኝ ልጠይቃት ብዬ ነው።"

"ምን አለችህ?"

"እናትህ ናት፣ ከአንተው አፍ ትስማው አለችኝ። እኔ አልነግራትም አለች።"

ቨርላ እንግዲያው በደንብ ብላ፣ ሌሊት አትንዳ አለችውና ስልኩን አስቀመጠች። ሎሬታ ከፋሲካ ጀምሮ ታውቅ ነበር። ቨርላ በረንዳ ላይ ቆማ ጥጃዋን ስትጠብቅ ታውቅ ነበር፤ ኮሚቴው ፊት ልጄ ይከራየዋል ስትል ታውቅ ነበር። ልጅ የሌላት ሎሬታ የቨርላን ልጅ ከእናቱ ቀድማ ሰምታዋለች። የጥቅምቱ ገንዘብ ሁሉ ቢደመር፣ ካፖርቱ ቢጨመርበት፣ እንዲህ አድርጎ አስቀንቷት አያውቅም።

ወደ ኖርበርት ዞረች። ዳቦውን ቅቤ እየቀባ ቀና አላለም፤ ከጆሮው ቅላት ግን ገባት።

"አንተም ታውቅ ነበር" አለች።

"ነግሮኛል።"

"ለእሷ ከመንገሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?"

ኖርበርት ቢላዋውን አስቀምጦ ከልቡ አሰበ።

"በኋላ" አለ። "እሷን አማክሮ ነው ወደ እኔ የመጣው።"

ቨርላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ኖርበርት ቅቤ የቀባውን ዳቦ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት፤ እሷም ተቀብላው በላች።